ፍግ ብቻ ነው

በዋሻ ሜዳ ሰው ከሰው ሲገናኝ በመጀመሪያ የሚጠይቀው ስለ ጤና አይደለም። «አፈራችሁ እንዴት አደረ?» ይላል፤ መልሱም ቁጥር ነው። እኔ ወደዚህ መንደር በሙሽርነት ስመጣ፣ በ2071 ዓ.ም. ማለት ነው፣ መልሱ «ተመስገን፣ ዘጠና ስድስት!» ነበር። የሚመልሰውም ሰው ደረቱን ነፍቶ ነበር የሚመልሰው። ዘንድሮ መስከረም ላይ ግን «ተመስገን» የሚለውን ትተን «አርባ ሦስት» ብቻ ማለት ጀምረን ነበር፤ እሱንም ድምፃችንን ዝቅ አድርገን።

ቁጥሩ የሚወጣው እናት ጉድጓዱ በር ላይ ባለው ሰሌዳ ነው። በየቀኑ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ላይ ይቀየራል፤ እሱን አንብቦ በድምፅ ማጉያ ለቀበሌው መናገር የእኔ ሥራ ነው። መታወቂያዬ ላይ «የጉድጓድ ጠባቂ» ተብሎ ተጽፏል። ከምን እንደምጠብቀው እስከ ዛሬ የነገረኝ የለም።

ጉድጓዱ ውስጥ ያለው የከብት ፍግ ነው። ፍጉ ውስጥ ደግሞ ባክቴሪያዎቹ አሉ። ባቄላችንን የሚጨርሰው ፈንገስ፣ እኛ «ጥቁሩ» የምንለው፣ የሚረጨውን መድኃኒት ሁሉ ከለመደ ወዲህ ከእነሱ በቀር የሚፈራው ነገር የለም። ጥቁሩ የሚይዘው ሥሩን ነው። ባቄላው አብቦ እንደቆመ ይጠቁራል፤ ሳብ ስታደርገው እጅህ ላይ ይቀራል፣ ሥር የሚባል ነገር የለውም። ባክቴሪያዎቹ ቀድመው ሥሩ ላይ ከሰፈሩ ግን ጥቁሩ መቀመጫ አያገኝም። ሰሌዳው ላይ የሚወጣው ቁጥር ከመቶ ሥር ስንቱን እንደሚያድኑ ነው።

አርባ ሲገባ ቀበሌው ይዘጋል። መዝጋት ማለት ማሳው በሙሉ በጥቁር ላስቲክ ይሸፈናል፣ ለሃያ አምስት ዓመት ማንም አይረግጠውም፣ ሰዉ ደግሞ በአውቶቡስ ተጭኖ ወደተመደበለት ይሄዳል ማለት ነው። ጎረቤታችን ቀይ አፋፍ ከተዘጋ ሁለት ዓመቱ ነው። ነፋስ ሲነሳ ላስቲኩ ሲንኳኳ እኛ ድረስ ይሰማል። ሰው ወሬ ጀምሮ ከሆነ እስኪያልፍ ዝም ይላል።

ኑሯችን በጫማ የተያዘ ነው። እያንዳንዱ ማሳ የራሱ ጫማ አለው፤ ከአንዱ ወደ ሌላው ስትሻገር የለበስከውን አውልቀህ፣ እግርህን ኖራ ገንዳ ውስጥ ነክረህ፣ የማሳውን ጫማ ታደርጋለህ። ለቅሶ እንኳ የምንደርሰው በሰው ጫማ ነው። ባለፈው ዓመት የሟች ወንድም በሁለት ቁጥር የጠበበ ጫማ ደርሶት ሙሾውን በእግሩ ሕመም ነው ያለቀሰው ተብሎ እስካሁን ይወራል። ላሞቻችን አራት ናቸው። የሚኖሩት በመስተዋት ቤት ነው፤ ስማቸውም ቁጥር ነው። እኔ ግን ሦስተኛዋን ዳለቻ እላታለሁ፤ ስጠራት ዞር ትላለች።

ወይዘሪት ሶልያና የመጣችው መስከረም ሃያ፣ ሰኞ ጠዋት ነው። ሠላሳ ዓመት ቢሆናት ነው፤ የአፈር ጤና ባለሙያ ነኝ አለች። እግሯን ኖራው ውስጥ ሳይነግሯት ነከረች፤ ይኼ ደስ አለኝ።

«የዐሥር ቀን ክትትል አለብኝ፣ ወይዘሮ ትርንጎ» አለች። «ቀመሩ እንደተጻፈው እየተሠራ መሆኑን አያለሁ። ከዚያ ኮሚቴው ይመጣል።»

«ቀመሩንማ ማሽኑ ነው የሚሠራው» አልኳት። «እኔ አልነካውም።»

ቀመር የምንለው የጉድጓዱን አሠራር ነው፦ ስንት ፍግ፣ ስንት ጭድ፣ ስንት አመድ፣ ስንት ቀን። ከዐሥራ ዘጠኝ ዓመት በፊት ባለሙያዎች መጥተው ከአማቴ ከእማማ አስካለ አፍ ቀድተውት ነው። ያኔ የእኛ ጉድጓድ በአገሩ ወደር አልነበረውም። በየሰኔው ሠላሳ አንድ ቀበሌ እየመጣ በባልዲ ቀድቶ ወስዶ የራሱን ጉድጓድ ይዘራበት ነበር፤ «እናት ጉድጓድ» የተባለውም ለዚህ ነው። ቀመሩ ከተቀዳ በኋላ ታሸገ። ከሰባት ዓመት በፊት ደግሞ ማሽኑ መጣ፤ አንድ የብረት ክንድና አንድ ዓይን አለው። እማማም ጡረታ ወጡ።

ሶልያና ጉድጓዱ አጠገብ ባለችው ክፍሌ ተቀምጣ ሥራዋን ጀመረች። የተጻፈውን ከሚሠራው ጋር ስታስተያይ ዋለች፤ ልዩነት የለም። በመጨረሻ «የመጀመሪያው ቃለ መጠይቅ በድምፅ አለ። አብረን ብንሰማው ቅር ይልዎታል?» አለችኝ። ምን ቅር ይለኛል።

የአንድ ወንድ ድምፅ መጣ። «እመቤቴ፣ ጉድጓዱ ውስጥ ምን ምን ይጨምራሉ?»

«ፍግ ብቻ ነው ጌቶቼ» አሉ እማማ፤ ድምፃቸው ያኔ ጠንካራ ነበር። «ፍግና ጭድ። አመድም ጣል አደርግበታለሁ።»

«ሌላስ? ትንሽም ብትሆን፣ የማትረባ ብትመስልዎትም?»

ከዚያ ዝምታ ሆነ። ረጅም አይደለም፤ እስከ አራት ቢቆጠር ነው። በዝምታው መሐል ብርጭቆ ከትሪ ጋር ሲነካካ ተሰማ። ትሪውን የያዝኩት እኔ ነበርኩ።

«ሌላ ምን ይኖራል፣ ጌቶቼ! ፍግ ብቻ ነው።»

ሶልያና አጠፋችው። ሌላ ነበረ። እኔም አውቅ ነበር።

አማቼ አባባ ሽብሩ ከአውድማ ላይ ወድቀው ዳሌያቸው ከተሰበረ ጀምሮ አልጋ ላይ ነበሩ። ከመውደቃቸው በፊት የዕድሩ ዳኛ የነበሩ፣ ፀጉራቸውን ሳያበጥሩ ከቤት ወጥተው የማያውቁ ሰው ናቸው። እማማ በየማለዳው የእሳቸውን ፖፖ በጓሮ በር ይዘው ወጥተው ጉድጓዱ ውስጥ ይደፉት ነበር። ሌላ የሚደፋበት ቦታ አልነበረማ፤ ለሳይንስ ብለው አይደለም። ባለሙያዎቹ ሲጠይቁ አባባ ከመጋረጃው ጀርባ ተኝተው እያዳመጡ ነበር። የአንድ ትልቅ ሰው ፖፖ፣ ሰውየው እየሰማ፣ ለከተማ እንግዳ የሚነገር ነገር አይደለም። እኔ ደግሞ የአንድ ዓመት ሙሽራ ነበርኩ፤ ሙሽራ አማቷን በእንግዳ ፊት አታርምም። ይሉኝታ ያዘን። በቃ፣ ይኸው ነው ነገሩ። ባለሙያዎቹ አመስግነው፣ ጠላቸውን ጠጥተው፣ ፍግ ብቻ ብለው ጽፈው ሄዱ።

«የቁጥሩ ታሪክ አለሽ?» አልኳት። ሳላስበው አንቺ ብያታለሁ።

ሥዕሉን አወጣችልኝ። መስመሩ ዘጠና ስድስት ላይ ቀጥ ብሎ ይሄዳል፤ ከዚያ ቁልቁል ይወርዳል። መውረድ የጀመረበት ላይ ጣቴን አደረግኩ። 2078 ዓ.ም.፣ ክረምት። አባባን የቀበርነው በዚያ ዓመት ግንቦት ላይ ነው። ያኔ የመጡት ባለሙያዎች አፈሩ ሞቆ ነው አሉን፣ እኛም አመንን።

ሁሉንም ነገርኳት። ትስቃለች ብዬ ነበር፤ አልሳቀችም። ተነስታ በሩን ዘጋች።

«ወይዘሮ ትርንጎ፣ ይህን እኔ አልሰማሁም።»

«ለምን? ምክንያቱ ይኼ ከሆነ እኮ...»

«ሊሆን ይችላል። ቀመሩ ግን ታሽጓል። ከቀመሩ ውጭ የሆነ ነገር የገባበት ጉድጓድ የተበከለ ይባላል፤ የተበከለ ጉድጓድ ደግሞ ዕለቱን ይቃጠላል። ያስገባው ሰው ስሙ ይጻፋል፣ በሚሄድበት የመኖሪያ ምደባ አያገኝም። ቀመሩን ማሻሻል ይቻላል፤ ማመልከቻ አለው። አራት ዓመት ይፈጃል።»

«ያለን ዐሥር ቀን ነው።»

«ዘጠኝ» አለች፤ ሰዓቷን አይታ።

ቤት ስገባ እማማ ደጃፉ ላይ ፀሐይ እየሞቁ ነበር። ሰማንያ አራት ዓመታቸው ነው፤ እግራቸው ደክሟል፣ ልባቸው ግን ከእኔ ይሻላል። ልጃቸው፣ ባሌ ጌጡ፣ ከሞተ ስድስት ዓመቱ ነው፤ ከዚያ ወዲህ ያለነው እኔና እሳቸው ብቻ ነን። አጠገባቸው ቁጭ ብዬ የሰማሁትን ሁሉ ነገርኳቸው።

«እኔ ነኝ ማለት ነዋ» አሉ።

«ኧረ እማማ! እኔስ ቆሜ አልሰማሁም?»

«አንቺማ ልጅ ነበርሽ። እኔ ነኝ እንጂ የሰውዬውን ክብር አይቼ የአገሩን ባቄላ ያጠፋሁት።» ከዚያ ደግሞ ቀና ብለው «አብሽም ይጠጡ ነበር እኮ። ጠዋት ጠዋት፣ አንድ ብርጭቆ የአብሽ ውሃ። ታዲያ አብሹ ይሁን ሽንቱ በምን አውቃለሁ?» አሉ።

«ሁለቱንም ብናደርግስ?»

እማማ አዩኝ። «ዕድሩን ጥሪልኝ» አሉ።

ማሽኑ ዓይኑን የሚያጥበው በየቀኑ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ላይ፣ ቁጥሩን እንዳወጣ ነው። ለሩብ ሰዓት ያህል አያይም። ይህን የማውቅ እኔ ብቻ ነኝ፤ ሰባት ዓመት ሙሉ የጠበቅኩት ነገር ቢኖር ይኼ ነው። ማግሥቱን ቁጥሩን በማጉያው ተናግሬ ስወጣ ዐሥራ አንድ ሽማግሌና ባልቴት በጓሮው በር ተሰልፈው ቆመዋል። ሁሉም በጋቢያቸውና በነጠላቸው ሥር አንዳንድ ነገር ሸፍነው ይዘዋል፤ ሁሉም ለቅሶ ቤት የሚገቡ ይመስል አንገታቸውን ደፍተዋል። የአብሽ ሽታ መንደሩን ሞልቶታል።

መምህር መኩሪያ ክራቫት አስረው መጥተዋል። «አርባ ዓመት አስተምሬ ያልጠየቁኝን ነገር አሁን ጠየቁኝ» አሉና ፖፗቸውን በሁለት እጃቸው አቀረቡልኝ። እማማ በክንዴ ተደግፈው መጨረሻ ላይ ቆሙ። ተራ በተራ ደፉ። ማንም ማንንም ቀና ብሎ አላየም፤ ሁላቸውም ግን ጫማቸውን ቀይረው፣ እግራቸውን ኖራ ነክረው ነው የገቡት።

ሶልያና መስኮቱ አጠገብ ተቀምጣ ነበር። ወንበሯን ወደ ግድግዳው አዞረች።

በሦስተኛው ቀን ቁጥሩ አርባ ሁለት ሆነ። ሰው ተደናገጠ፤ አባብሰነው ይሆን ተባለ። በአራተኛው አርባ ሁለት። በአምስተኛውም እንዲሁ። ባለፈው ወር በየአራት ቀኑ አንድ ሲወርድ ነበር፤ አሁን ግን አርባ ሁለት ላይ ቆሞ ቀረ። በስድስተኛው ቀን የወይዘሮ የውብዳር ማሳ ላይ አንድ ባቄላ ነቅዬ አየሁ። ሥሩ ግማሹ ጥቁር ነው። ከጥቁሩ በላይ ግን እንደ ክር የቀጠኑ ሦስት ነጫጭ ሥሮች አውጥቷል። ለማን እንደማሳየው ጠፍቶኝ ለዳለቻ በመስተዋቱ በኩል አሳየኋት።

በሰባተኛው ቀን አርባ ሁለት፤ በስምንተኛውም አርባ ሁለት። በዘጠነኛው ቀን ሰሌዳው ተቀየረ። ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ከዚያ ማጉያውን ከፍቼ «ተመስገን» አልኩ፤ «ተመስገን፣ አርባ ሦስት!» ከየቤቱ ዕልልታ ተነሳ። ከዐሥራ ሦስት ዓመት በኋላ የጉድጓዱ ቁጥር ከፍ ሲል ያየነው የመጀመሪያ ጊዜ ነው። መምህር መኩሪያ ክራቫታቸውን ፈትተው ዓይናቸውን ጠረጉበት። እኔም አለቀስኩ፤ እንዲህ ደስ ብሎኝ አያውቅም።

በዐሥረኛው ቀን ኮሚቴው መጣ። ሦስት ሰዎች ናቸው። ከኋላቸው ስድስት አውቶቡሶችና ላስቲክ የጫኑ መኪናዎች መጡ።

«አውቶቡሱ ለምንድን ነው?» አልኳት ሶልያናን። «ቁጥሩ ወጥቷል እኮ። አርባ ሦስት ነው።»

«የሚታየው የዓመቱ አካሄድ ነው» አለች። ድምፅዋ በጭንቅ ይሰማ ነበር። «በጥቅምት አርባ እንደሚገባ ተሰልቷል። ውሳኔው ነሐሴ ላይ ነው የተወሰነው።»

«ታዲያ ዐሥሩ ቀን?»

«ዐሥሩ ቀን ለስንብት ነው፣ ወይዘሮ ትርንጎ። ለሁሉም ቀበሌ ይሰጣል።»

እንዲህ ያለውን የሚያመጣብህ ሰው ክፉ ቢሆን ትጮህበት ነበር። የኮሚቴው ሰብሳቢ ግን ጨዋ ነበሩ፤ ጠጉራቸው የሸበተ፣ ለእማማ ወንበር ያስመጡ ሰው ናቸው። ላስቲኩን የሚዘረጉት ልጆች እንኳ ጫማቸውን ቀይረው ነው ማሳ የገቡት። ባቄላው አብቦ ስለነበር ላስቲኩ እንደተነጠፈ አልተኛም፤ ሥሩ ያለው ሁሉ ከታች እየገፋ ጉብ ጉብ አለ።

ሰብሳቢው መጨረሻ ላይ አንድ ቅጽ አወጡ። የጉድጓዱ ጠባቂ እኔ ስለሆንኩ የምመልሰው እኔ ነኝ። ስም፣ ዕድሜ፣ የአገልግሎት ዘመን። ከዚያ መነጽራቸውን አስተካከሉ።

«የመጨረሻው ጥያቄ ነው። ከፍግ፣ ከጭድና ከአመድ ሌላ ወደ ጉድጓዱ የገባ ነገር ነበር?» ቀና ብለው አዩኝ። «ለወጉ ብቻ አይደለም የምጠይቅዎት። ከእናንተ ጉድጓድ የወሰዱት ሠላሳ አንዱም ቀበሌዎች እየወረዱ ነው፤ ምክንያቱን ያወቀ የለም። ትንሽ ነገር ብትሆንም ትጠቅማለች። በእርግጥ ያስገባው ሰው ስሙ መጻፍ አለበት፤ ደንቡ ነው።»

ሶልያና መሬት መሬት ታያለች። ከኋላዬ ዐሥራ አንዱ ቆመዋል፤ ሻንጣቸው እግራቸው ሥር ነው። የሁሉም ዕድሜ ቢደመር ዘጠኝ መቶ ያልፋል። የምደባ ወረቀታቸውን እንዳይጠፋባቸው በእጃቸው ይዘውታል። በሌላ በኩል ደግሞ የማላያቸው ሠላሳ አንድ ቀበሌዎች አሉ፤ እነሱም ጠዋት ጠዋት ቁጥር ይጠብቃሉ።

እማማ ከወንበራቸው ለመነሳት ሞከሩ። «ጌታዬ፣ እኔ ልንገርዎት...» አሉ።

በሃያ ዓመት ውስጥ አማቴን ከአፋቸው ነጥቄ አላውቅም። ያን ቀን ነጠቅኳቸው።

«ፍግ ብቻ ነው፣ ጌታዬ» አልኩ።

ሰብሳቢው ትንሽ ጠበቁ፤ እስከ አራት ቢቆጠር ነው። ከዚያ ጻፉ። አመሰገኑኝም።

አሁን የምንኖረው ሰባተኛ ፎቅ ላይ ነው። ክፍላችን ንጹሕ ነው፣ ውሃው አይቋረጥም፣ ጫማ የሚያስወልቅ የለም። መምህር መኩሪያ በላያችን ስምንተኛ ፎቅ ናቸው፤ አንዳንዴ ሲንጎራደዱ ይሰማኛል። ሰው በደረጃው ላይ ሲገናኝ «እንዴት አደራችሁ?» ብሎ ዝም ይላል፤ የሚቀጥለውን የሚጠይቀው ጠፍቶት።

እማማ ከመጣን ወዲህ ከአልጋ አልወረዱም። ማለዳ ማለዳ አብሽ ይጠይቁኛል፤ እሰጣቸዋለሁ። ስለዚያ ቀን አንድም ጊዜ አላነሱብኝም። ግድግዳው ላይ ያለው ሰሌዳ በየጠዋቱ አንድ ሰዓት ላይ የቀበሌዎቹን ቁጥር በድምፅ ያነባል። ከሠላሳ አንዱ ስምንቱ ተዘግተዋል። ዛሬ ጠዋት ዘጠነኛ ሆኖ ሊዘጋ የተቃረበውን ሲያነብ የእማማን ፖፖ ይዤ ሽንት ቤቱ በር ላይ ቆሜ ነበር፤ አርባ አንድ የገባ ቀበሌ ነው፣ ሰዎቹን አውቃቸዋለሁ፣ ሰኔ ላይ በባልዲ እየቀዱ ሲሄዱ ይመርቁን ነበር።

ሰሌዳው አንብቦ እስኪጨርስ ጠበቅኩ። ከዚያ ደፋሁትና ማጠቢያውን ተጫንኩት።